ጭቃው ይቅር ካለ በኋላ

ኬሲ ባሏን ውሃ የከለከለችው በጉዞው በሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። በቁጣ አልነበረም፤ ጠብም አልነበራቸውም። የቲካም ገንቦ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭታ ተሰነጠቀችና ውሃዋ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ቲካም ገንቦዋን ገልብጦ አያት፤ ጠብታ አልቀራትም። ከዚያ እርምጃውን ፈጠን አድርጎ ሚስቱ ዘንድ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ጉንጭ» አላት።

ኬሲ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ «ስእለት ነው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከታር በረሃ ተነሥቶ በእግሩ ወደ አምላክ እናቲቱ ዋሻ፣ ወደ ሂንግላጅ የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገር ይምላል። አንደኛው እስኪደርስ ድረስ ቤት ንብረቱን ረስቶ ከመሪው በትር ኋላ ሊከተል ነው። ሁለተኛው ከገንቦው ለማንም ላያጠጣ፣ ከማንም ገንቦም ላይጠጣ ነው። ለማንም ማለት ለማንም ነው፤ እናት ለልጇ፣ ሚስትም ለባሏ። በአውቶቡስ የሚሄዱት ይህን መሐላ ረስተውታል። የፕላስቲክ ጠርሙሳቸውን እየተቀባበሉ በግማሽ ቀን ይደርሳሉ፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። በእግር የሚሄዱት ግን ቁጥራቸው ባነሰ ቁጥር መሐላውን ጭራሽ አጠበቁት።

ለታር ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ መሐላ አይገኝም። በእነ ኬሲ መንደር ደመኛህ እንኳ ደጅህ ቆሞ ውሃ ቢልህ መጀመሪያ ታጠጣዋለህ፣ ከዚያ ትሰድበዋለህ። ውሃ ከለከለ ተብሎ ስሙ የወጣ ሰው ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። የድሮ ሰዎች ይህን አውቀው ነው መሐላ ያደረጉት፤ የማይከብድ ነገር ምኑ ይማልበታል?

ስእለቱን የተሳለችውም ራሷ ኬሲ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን፣ ቲካም የፍየሎቹን በረት ሲጠግን እባብ ነደፈው። ሐኪም ቤት እስኪደርስ ምላሱ ተሳስሮ፣ ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ኬሲ በሚወስዳቸው ጂፕ ጀርባ ላይ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይህን ሰው ተይልኝ እንጂ ሁለታችንም በእግራችን መጥተን እናመሰግንሻለን» አለች። ሰውዬው ተረፈ። እንግዲህ ባሏን ውሃ የከለከለችው ስለ ባሏ ሕይወት በተሳለችው ስእለት ነው። ነገሩን ሲያስቡት ራስ ያዞራል፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት አላሰበችውም።

ያሰበው መሪው ላዳራም ነበር። ላዳራም ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሃያ ስድስት ጊዜ በዚህ መንገድ ሰው የመራ፣ ከቀይ ጨርቅ ባንዲራው ጋር በትሩን ከእጁ የማይለይ ቀጭን ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ አይቶ ኖሮ ዞር አለና፣ «አያችሁ?» አለ ለሠላሳዎቹ ተጓዦች። «ስእለት የያዘ ሰው እንዲህ ነው። ከኬሲ ተማሩ።»

«እንማራለን» አለች ጃምና። ጃምና የኬሲ ጎረቤት ናት፤ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም መበለት። «ባል ስለሌለኝ ነው እንጂ እኔም እከለክለው ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ኬሲም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ጫማዋን አሸዋው ላይ ረገጥ ረገጥ እያደረገች ሄደች። ቲካም ሌላ ሰው አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም የሚሰጠው አልነበረም። የሚቀጥለው የውሃ ፓምፕ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዘ። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፣ ቁጭ ካለበትም በጎኑ ወደቀ።

ወደ ካራቺ ከተማ የሚመለስ አንድ ከባድ መኪና ቆመለትና ሾፌሩና ረዳቱ አንሥተው ጫኑት። ጠዋት አልፈውት ወደመጡት የሾፌሮች ማረፊያ ይዘውት ሄዱ። እዚያ መርፌ የሚወጋ፣ ግሉኮስ የሚሰቅል ድሬሰር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ኬሲ አብራ ልትወጣ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ነበር። ላዳራም፣ «መኪና የወጣ ስእለቱን አፍርሷል። እንዲድን ከፈለግሽ ስእለቱን ጨርሺለት» አላት። እግሯን አወረደች። ማታ የማረፊያው ባለቤት ወደ ላዳራም ስልክ ደውሎ ሰውዬው ዓይኑን ገልጧል፣ ሾርባም ጠጥቷል አለ። ኬሲ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱም፣ «ምንም አላለም፣ እህቴ» አላት።

ይህች «ምንም አላለም» ሁለት ቀን ሙሉ ከኬሲ ጋር ተጓዘች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሲመሻሽ፣ ከጨረቃ ጉድጓድ ግርጌ ደረሱ። ጨረቃ ጉድጓድ እሳት የሌለው ተራራ ነው። ከሜዳው መሐል ብቻውን ብድግ ያለ ግራጫ ቁልል ሲሆን ከአናቱ ላይ ቀዝቃዛ ጭቃ ቀን ከሌት ይፈላል። ወደ እናቲቱ ዋሻ ከመሄድህ በፊት እዚህ ወጥተህ፣ ጭቃው አፋፍ ላይ ቆመህ፣ ኃጢአትህን ሰው እየሰማ ትናገራለህ። ጭቃው ቡልቅ ካለ ተቀበለህ ማለት ነው፤ ታልፋለህ። ደብቀህ ከዋሸህ ጭቃው ዝም ይላል ይባላል። ያን ጊዜ ጓዶችህ ጥለውህ ይሄዳሉ።

በዋዜማው ለጉድጓዱ የሚቀርበው ዳቦ ይጋገራል። እያንዳንዱ ሰው ከያዘው ዱቄት አንድ አንድ እፍኝ ይሰጣል፤ ዱቄቱ የሚጠራቀምበትን ጨርቅ አራት ሰዎች መሬት ሳያስነኩ ይይዙታል። ኬሲ የራሷን እፍኝ ጨመረች። ከዚያ እጇን መልሳ ቋጠሮዋ ውስጥ ከተተችና ሁለተኛ እፍኝ ዘገነች።

«ይሄ የማነው?» አለ ላዳራም።

«የልጆቼ አባት።» የታር ሴት የባሏን ስም አትጠራም።

«የሌለ ሰው ዱቄት አይገባም፣ ልጄ። መኪና ወጥቷል።»

«ሰባት ቀን በእግሩ መጥቷል እኮ፣ ማሃራጅ» አለች፤ መሪውን በክብር ሲጠሩት እንዲህ ይሉታል።

«መጥቷል። አልደረሰም።»

ላዳራም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር እንኳ ድምፁ ሐዘን ሐዘን ይል ነበር። ሕግ ግን ሕግ ነው። ኬሲ እፍኟን ወደ ቋጠሮዋ መለሰች።

ኬሲ ለጉድጓዱ የምትናገረውን ኃጢአት ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዘጋጅ ነበር የቆየችው። ከምራቷ ደብቃ ያስቀረችው ቅቤ ነበር፤ የአማቷ ለቅሶ ላይ ያለ እንባ ያለቀሰችው ነበር፤ አንድ ሁለት ሐሜትም ነበረ። ጥሩ ጥሩ ኃጢአቶች ናቸው፤ ሰው ሲሰማቸው አያፍርባትም። በማግስቱ ማለዳ የተራራውን ደረጃ ስትወጣ አንድ በአንድ ልትቆጥራቸው ሞከረች። አልመጡላትም። የሚመጣላት «አንድ ጉንጭ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነበር።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሦስት የካራቺ ወጣቶች ቀድመዋቸው ተቀምጠዋል። በጂፕ የመጡ ናቸው። የዓለምን እንግዳ እንግዳ ቦታዎች በስልካቸው ላይ ሲያነቡ ይህን አግኝተው ሊያዩት መጥተዋል። አንደኛው ጭቃውን በጣቱ ነክቶ፣ «ኧረ ቀዝቃዛ ነው!» እያለ ይገረማል። ሌላው ስልኩን ደግኖ ተጓዦቹን መቅረጽ ጀመረ።

«አንተ ልጅ» አለችው ጃምና፣ «ስልክህን ጭቃው ውስጥ ጣለው፤ ያየውን ሁሉ ይናዘዝልሃል።»

ልጁ ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አብራው የመጣችው እህቱ፣ ሻይስታ የምትባለው፣ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

ላዳራም በትሩን አፋፉ ላይ ተከለ። የጋራው ዳቦ ተቆርሶ ለጭቃው ተሰጠ፤ ስም መጥራቱም ተጀመረ። ስምህን፣ የአባትህን ስም፣ መንደርህን ትናገራለህ፤ ከዚያ ያለህን ታወጣለህ። አንዱ የጎረቤቱን ፍየል ማለዳ ማለዳ አልቦ ግልገሏ ጠባችው ሲል እንደኖረ ተናገረ። ጎረቤቱ እዚያው ቆሟል። «እኔ ደግሞ ያቺን ግልገል ሆዳም ናት ብዬ ሸጥኳት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ፤ ጭቃውም ቡልቅ አለ። «ተቀበለ!» አለ ላዳራም፤ ሰውየው ለስጦታ የያዘውን ኮኮናት ጭቃው ውስጥ ወረወረ። ጃምና ተራዋ ሲደርስ ስድስት ኃጢአት በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ሰባተኛውን ስትጀምር ላዳራም፣ «ይበቃል፣ ጭቃው ይደክመዋል» አላት።

ከዚያ የኬሲ ተራ ሆነ። ሰዎቹ ትንሽ ፈካ አሉ፤ የእሷ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉም ገምቷል። ስእለት ያከበረች ሴት ምን ይኖራታል?

«ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር!»

«ኬሲ፣ የዋግጂ ልጅ፣ ከዶንጋሪዮ።»

«ተናገሪ።»

«የተጠማ ሰው ውሃ ለምኖኝ ከለከልኩ።»

ነፋሱ ባንዲራውን አራገበው። ላዳራም ፈገግ አለ። «ይህማ ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ። ስእለትሽን መጠበቅሽ ነው። ሌላ ተናገሪ።»

«ሌላ የለኝም።»

«የለሽም?» አለች ጃምና ከኋላ። «የወሰድሽብኝን ወንፊት ላስታውስሽ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ኬሲ አልሳቀችም። ላዳራምም ሳቁ እንዲያልፍ ጠበቀና ጠጋ አላት። «ስሚኝ፣ ይህን ኃጢአት ነው ብዬ ከተቀበልኩ መሐላው ኃጢአት ነው ማለቴ ነው። እንደዚያ ልል አልችልም። እኔ…» አለና በትሩን አጥብቆ ያዘ። «እኔ በዚህ መንገድ ላይ የወለደችኝን እናቴን ከልክያለሁ። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ኃጢአት ነው እንዳትዪኝ።»

ይህን ከመካከላቸው ማንም አያውቅም ነበር። ኬሲ ሽማግሌው አሳዘናት፤ ከልቧ አሳዘናት። ዝም ብትል ይሻል ነበር። ቅቤውን ተናግራ፣ ኮኮናቷን ወርውራ፣ ከነክብሯ ልታልፍ ትችላለች። ግን አላደረገችውም።

«ማሃራጅ፣ የእርስዎን አላውቅም» አለች። «እርስዎ እናትዎን ሲከለክሉ አልቅሰው ይሆናል። እኔ አላለቀስኩም። ስከለክለው ስለ ስእለቱም ስለ እናቲቱም አላሰብኩም። እናንተ ሁላችሁ እያያችሁኝ ነበር። ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው አመስግኖኝ አያውቅም፤ እርስዎ ‹ከኬሲ ተማሩ› አሉ፤ ልቤ በደስታ ሞላ። ሰውዬው ከኋላዬ እየደረቀ ነበር፤ እኔ እንዴት እንደምታይ ነበር የማስበው። እስኪወድቅ ድረስ ዞሬ አላየሁትም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ጭቃው ዝም አለ። ግራጫ ፊቱ ላይ ትንሽ ሽብሽብ እንኳ የለም። ቆሙ፤ ቆዩ፤ አንዲት ሴት ልጇን አቀፈች። «ሌላ ካለሽ…» ብሎ አንድ ሰው ጀመረና ተወው። ላዳራም ጭቃውን ሳይሆን ኬሲን ነበር የሚያየው። ሲቆይ ሲቆይ ከጉድጓዱ መሐል አንድ ትልቅ አረፋ ተነፋ፣ ወጠረ፣ ቡልቅ ብሎም ፈረጠና ጠርዝ ላይ የቆሙትን ቀሚስ ረጨ።

«ተቀበለ!» አለ ላዳራም። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ በእልልታ ጮኹ። ጃምና ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነክራ የኬሲን ግንባር ቀባቻት፤ «ወንፊቱን ምሬሻለሁ» አለቻት እያለቀሰች።

ኬሲ ኮኮናቷን ወረወረች። ከዚያ ገንቦዋን ከመሬት አንሥታ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ገና ሰው አለ፤ አብረን ነው የምንወርደው» አለ ላዳራም። «ደግሞ የዋሻው መንገድ በዚያ በኩል ነው።»

«እኔ ወደ ኋላ ነኝ፣ ማሃራጅ።»

«አንድ ቀን እኮ ነው የቀረሽ! ጭቃው ተቀብሎሻል!»

«ተቀብሎኛል፣ አመሰግናለሁ። ውሃ የጠየቀኝ ግን ጭቃው አይደለም።»

ላዳራም «ስእለትሽ ይፈርሳል» ሊል አፉን ከፈተ፤ አላለውም። በትሩን ተደግፎ ወደ ታች እስክትደርስ ድረስ አያት።

እነ ሻይስታ ጂፑን ሲያስነሡ አገኘቻቸውና እስከ ሾፌሮቹ ማረፊያ እንዲያደርሷት ለመነች። ወጣች። ዘጠኝ ቀን ስትሸሸው የቆየችው መኪና ወንበሩ ለስላሳ ነበር፤ ይህም አናደዳት። በሦስት ቀን የተጓዘችውን መንገድ በአንድ ሰዓት ከምናምን ሲውጡት እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ሻይስታ የውሃ ጠርሙስ አቀበለቻት፤ አልጠጣም አለች። «ከራስዎ ይጠጡ እንግዲህ፣ እማማ፣ ከንፈርዎ ተሰነጣጥቋል» ብትላትም ገንቦዋን በሁለት እጇ አቅፋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሙዚቃቸውን አጠፉ።

ቲካም በማረፊያው ጥላ ሥር፣ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ የምስር ድንጋይ ይለቅማል። የማረፊያውን ባለቤት በነጻ አልበላም ብሎ አስቸግሮት የተሰጠው ሥራ ነው። ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። ቀና ብሎ አያትና ወደ ምስሩ ተመለሰ።

«ቶሎ ጨረሳችሁ» አለ።

«አልጨረስኩም።»

«ጭቃ ግንባርሽ ላይ አለ።»

«እዚያ ድረስ ሄጃለሁ። ተናግሬያለሁ። ተቀበለኝ። ከዚያ መጣሁ።»

«ምን ብለሽ ተናገርሽ?»

ነገረችው። ለሠላሳ ሰው የተናገረችው አልከበዳትም ነበር፤ ይህ ከበዳት። «እርስዎ ሲጠይቁኝ» አለች፣ «ሰው ስላየኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ቲካም።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ከኋላሽ ነበርኩ። አረማመድሽን እያየሁ ነው የሄድኩት።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥቶ ወደ ሜዳው ወረወረ። «ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። እንደዚያ ስትራመጂ አይቼሽ አላውቅም። ቆንጆ አረማመድ ነበር።»

ኬሲ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አልጋው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ከማረፊያው ባለቤት የቆርቆሮ ኩባያ ተውሳ ከገንቦዋ ቀዳችና በሁለት እጇ ያዘችለት።

«እዚህ እኮ ቧንቧ አለ» አለ ቲካም።

«አውቃለሁ። ከዚህ ይጠጡ።»

«ብጠጣ ስእለትሽ ይፈርሳል።»

«ፈርሷል። በጂፕ ነው የመጣሁት።»

«የኔስ?»

«የእርስዎም በከባድ መኪና ፈርሷል። ይጠጡ እንጂ።»

ቲካም ኩባያውን ተቀበለ። ወዲያው አልጠጣም። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ያኔ ብትሰጪኝ ኖሮ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ስእለቷን አፍርሳ አጠጣችኝ ብዬ እናገርብሽ ነበር። እዚህ ተኝቼ ይህን ሳስብ ነበር። እምላለሁ፣ እናገርብሽ ነበር። ላዳራም እኔንም እንዲያመሰግነኝ።»

ኬሲ ቀና ብላ አየችው። አልሳቀም፤ እሷም አልሳቀችም። መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ አቧራውም ሰከነ።

«ይቅር አሉኝ?» አለች።

«ገና ነው» አለ ቲካም። «ጉሮሮዬ ገና ያመኛል።»

ከኩባያው ግማሹን ጠጣ፤ ቀስ እያለ፣ አፉ ውስጥ እያቆየ። ከዚያ ከንፈሯን አየ። «ጠዋት ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም።»

«ገንቦው ግን ሙሉ ነው።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ምስኪን ጭንቅላትሽ!» አለና የቀረውን ግማሽ ኩባያ ዘረጋላት። ኬሲ ተቀበለችው። የምስሩን ሳፋ ወደ ጎን ገፍቶ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀላት። ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ጠጣች።